ነርቭ ሲቆጣ ክንድ ይሰንፋል

የትከሻና የክንድ ሕመም ያልገባበት የወታደር ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ወታደሩ ከረጅም ጉዞ ሲመለስ የጀርባ ሻንጣው ማንገቻ ያረፈበትን ትከሻውን እያሻሸ ይገባል። ባለቤቱም በበኩሏ ልብስ ስታጥብ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ ሊጥ ስታቦካ ውላ ሌሊት እጇ ደንዝዞባት ትነቃለች። ሁለቱም ለሕመማቸው የሚሰጡት ስም ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ብርድ ነው» ይላሉ። ያየ ጎረቤትም «እኅቴ፣ ጅማት ዞሮብሽ ይሆናል፤ ቅቤ አስነክተሽ ታሺው» ሲል ይመክራል።

በእርግጥም ከእነዚህ ሕመሞች አብዛኞቹ ከጡንቻ፣ ከጅማትና ከመገጣጠሚያ የሚመጡ ስለሆኑ ሥራ ቀነስ ሲደረግና ጊዜ ሲያልፍ ይሻላቸዋል። ከመካከላቸው ግን ምንጩ ነርቭ የሆነ አለ። ይኸኛው ከአንገት ወይም ከትከሻ ተነሥቶ እንደ መስመር ወደ ክንድ ይወርዳል፤ ይነዝራል፣ ይወራል፣ ያቃጥላል፣ ጣት ያደነዝዛል። ሲያይልም ወታደሩ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው ለማንሣት፣ እመቤቲቱም የጀበናውን እጀታ ለመጨበጥ ይሳናቸዋል።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ሕመም ነው። በተለይም አንድ ነገር እንዲጨበጥልን እንሻለን፤ ይኸውም የታመመ ክንድ የሚመዘነው በሚሰማው ሕመም መጠን ብቻ ሳይሆን ሊሠራው በሚችለውና በተሳነው ሥራም ጭምር መሆኑን ነው። ብዙ የሚያሳምም ክንድ ጨርሶ ሊድን ይችላል። ሕመም የሌለበት፣ ነገር ግን ቀስ በቀስ እየደከመ የሚሄድ ክንድ ደግሞ ባለቤቱ ሳያስተውለው ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል።

ነርቭ ከጅማት በምን ይለያል?

በዕለት ተዕለት አነጋገራችን «ሥር» የሚለው ቃል ለሦስት ነገሮች ይውላል። ደም የሚመላለስበት ቧንቧ ሥር ይባላል፤ ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ጠንካራ ጅማት ሥር ይባላል፤ ነርቭም እንዲሁ። ሦስቱ ግን በጠባይም በተግባርም የተለያዩ ናቸው። ነርቭ ከአንጎልና ከሕብለ ሰረሰር ትእዛዝ ተቀብሎ ለጡንቻ የሚያደርስ፣ ከቆዳና ከመገጣጠሚያም የስሜት ወሬ ይዞ የሚመለስ የመልእክት መስመር ነው። የመገናኛ ክፍል ባልደረቦች በሜዳ ከሚዘረጉት የስልክ ሽቦ ጋር ቢመሳሰልም በአንድ ነገር ይለያል፤ ሽቦ ሕይወት የለውም፤ ነርቭ ግን ያለማቋረጥ ደም የሚሻ ሕያው አካል ነው።

የክንድ ነርቮች የሚነሡት ከአንገት ነው። ከአንገት ከሚወጡት 8 ጥንድ ነርቮች የታችኞቹ 4ቱ፣ ከደረት ከሚወጡትም የመጀመሪያው፣ በየጎኑ በድምሩ 5 ሥሮች ተሰባስበው በአንገት ጡንቻዎች መካከል ያልፋሉ። ከዚያም በአንገት ግርጌ ወደ ትከሻ ከተጋደመው አጥንት ሥር፣ ከመጀመሪያው የጎድን አጥንት በላይ ተሻግረው ወደ ብብት ይገባሉ። በዚያ እየተዋሐዱና እየተከፋፈሉ ሄደው ወደ እጅ የሚወርዱትን 3 ዋና ዋና ነርቮች ያስገኛሉ። አንደኛው የአውራ ጣትን፣ የሌባ ጣትንና የመሐል ጣትን ስሜት ይይዛል። ሁለተኛው በክርን ውስጠኛ ጎን አልፎ ወደ ትንሿ ጣትና ወደ ቀለበት ጣት ይሄዳል። ሦስተኛው በላይኛው ክንድ አጥንት ዙሪያ ተጠማዝዞ የእጅ አንጓንና ጣቶችን ቀና የሚያደርጉትን ጡንቻዎች ያዛል። ስለዚህ የሚደነዝዘው ጣት የትኛው እንደሆነ ለይቶ መናገር ለሐኪም ታላቅ ፍንጭ ነው።

ነርቭ በመተላለፊያው ውስጥ ተጣብቆ የተቀመጠ አይደለም። ክንዳችንን ስንዘረጋ፣ ክርናችንን ስናጥፍ፣ አንገታችንን ስናዘነብል ነርቩ በዙሪያው ባለው ሥጋ መካከል ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። የእጅ አንጓንና ጣቶችን በማንቀሳቀስ ብቻ በአንጓው በኩል የሚያልፈው ነርቭ ከጥቂት ሚሊሜትር እስከ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ሊጓዝ ይችላል። ጤነኛ ሰው ይህን ሁሉ እንቅስቃሴ ፈጽሞ አይሰማውም።

«ተወጠረ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ነርቭ በመጠኑ ይለጠጣል፤ ልኩ ሲያልፍ ግን በውስጡ የሚዘዋወረው ደም ይታገዳል። የስዊድን ተመራማሪዎች ሉንድቦርግና ሪድቪክ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት የጥንቸል እግር ነርቭ ከመደበኛ ርዝመቱ 8 በመቶ ያህል ሲሳብ የደሙ ዝውውር መታወክ እንደሚጀምር፣ 15 በመቶ ያህል ሲሳብ ደግሞ ጨርሶ እንደሚቆም አሳይተዋል። እንዲህ ያለው መታገድ ለአፍታ ሲሆን ጉዳት አያስከትልም። ክንድ በከባድ ሸክም ተስቦ ወይም ተጭኖ ለሰዓታት ሲቆይ ግን ነርቭ ይራባል፤ መደንዘዝና ድካምም ይከተላል።

ይሁን እንጂ «የነርቭ መወጠር» የሚለው ስያሜ አሳሳች ጎን አለው። ክንዳቸው የሚነዝራቸው ሰዎች ነርቫቸው ያጠረ ወይም እንደ ክራር ክር የከረረ ይመስላቸዋል። በብዙዎቹ ዘንድ ግን ነርቩ አላጠረም፤ ተቆጥቷል እንጂ። በአንገት አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ገፍቶት፣ ወይም ጠባብ መተላለፊያ አንቆት፣ ወይም ዙሪያው አብጦ ሲገኝ ቀድሞ የማይሰማው ንክኪና እንቅስቃሴ ሁሉ ያሳምመዋል። የነርቭ ሽፋን ራሱ ሕመም የሚያስተላልፉ ረቂቅ ነርቮች አሉትና። የተቃጠለ ቆዳ የሸሚዝ ንክኪ እንደሚያሳምመው ሁሉ የተቆጣ ነርቭም ተራ የክንድ መዘርጋት ያሳምመዋል።

ይህን ማወቅ ለሕክምናው መሠረት ነው። ያጠረ ገመድ ይጎተታል፤ የተቆጣ ነርቭ ግን ሲጎትቱት ይብስበታል። ስለዚህም ቁጣው እስኪበርድ ድረስ እየተጠነቀቁ ማንቀሳቀስ ይገባል።

ሐኪም እንዴት ይለየዋል?

የአውስትራሊያው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሮበርት ኤልቪ በ1970ዎቹ መጨረሻ ያስተዋወቀው የክንድ ነርቭ ምርመራ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ታማሚው በጀርባው ይተኛል። መርማሪው ትከሻው ወደ ላይ እንዳይነሣ ይዞ ክንዱን ወደ ጎን ያወጣል፤ መዳፉን ወደ ላይ መልሶ አንጓውንና ጣቶቹን ወደ ኋላ ይቀለብሳል፤ በመጨረሻም ክርኑን ቀስ እያለ ይዘረጋል። በዚህ ጊዜ ታማሚው የለመደው ንዝረት ከተነሣበት አንገቱን ወዲያና ወዲህ እንዲያዘነብል ይደረጋል። ወደ ሌላው ጎን ሲያዘነብል ስሜቱ ከጨመረ፣ ወደታመመው ጎን ሲያዘነብል ከቀነሰ፣ ነርቩ በነገሩ ውስጥ እንዳለበት ይገመታል። የአንገት መዘንበል በእጅ አንጓና በክርን አጠገብ ያሉትን ጡንቻዎች አይነካምና፤ ከአንገት እስከ ጣት የተዘረጋውን ነርቭ ግን ይነካል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ይህ ምርመራ በጤነኛ ሰው ላይም የመሳብና የመውረር ስሜት ያመጣል። ስለዚህ ትርጉም የሚኖረው ታማሚው የሚያውቀውን የራሱን ሕመም ሲያስነሣበትና ከደኅናው ክንድ ጋር ተነጻጽሮ ልዩነት ሲታይ ነው። ሐኪሙም በዚህ ብቻ ሳይወሰን የጡንቻን ጉልበት፣ የቆዳን ስሜትና በመዶሻ የሚታየውን ምላሽ መመርመር አለበት። ባልደረባሞች በመኝታ ክፍል እርስ በርስ ክንድ እየተጓተቱ የሚሞክሩት ነገር አይደለም።

የወታደሩ ትከሻ

የነርቭ ጉዳት ዕውቀት ብዙው የተገኘው ከወታደር ሆስፒታሎች ነው። እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ሐኪሙ ዊየር ሚቸል ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ነርቫቸው በጥይት የተነካ ወታደሮችን ተከታትሎ በ1864 መጽሐፍ አሳተመ። ከእነዚያ ቁስለኞች አንዳንዶቹ እጃቸው እንደ እሳት እየፈጃቸው ቀን ከሌት በራሰ ጨርቅ ጠቅልለው ይይዙ እንደነበር ተመዝግቧል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ እንግሊዛዊው ሐኪም ኸርበርት ሴዶን እ.ኤ.አ. በ1943 የነርቭን ጉዳት በ3 ደረጃ ከፈለው። በመጀመሪያው ደረጃ መስመሩ ሳይበጠስ መልእክቱ ብቻ ይታገዳል፤ ይህ በቀናት፣ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይመለሳል። በሁለተኛው ደረጃ የውስጡ ክሮች ተበጥሰው ሽፋኑ ይቀራል፤ ክሮቹም በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል፣ በወር 3 ሴንቲሜትር ገደማ እየሆኑ እንደገና ያድጋሉ። በሦስተኛው ደረጃ ነርቩ ጨርሶ ስለሚበጠስ ያለ ቀዶ ሕክምና ተስፋ የለውም።

ይህ ስሌት የጊዜን ዋጋ ያሳየናል። ከትከሻ እስከ እጅ 60 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ በወር 3 ሴንቲሜትር የሚያድግ ነርቭ እጅ ለመድረስ 20 ወር ያስፈልገዋል። ጡንቻ ደግሞ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ያለ ነርቭ ከቆየ መልሶ ማሠራቱ እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል። «ነገ ይሻለኝ ይሆናል» እየተባለ የሚያልፍ እያንዳንዱ ወር ከዚህ ሒሳብ የሚቀነስ ነው።

በዘወትር አገልግሎት ወታደሩን የሚያሰጋው ማንገቻ ነው። ከባድ የጀርባ ሻንጣ ለብዙ ሰዓታት ሲታዘል ማንገቻው በአንገትና በትከሻ መካከል ያሉትን ነርቮች ይጫናል፤ ትከሻውንም ወደ ታች ስቦ ይወጥራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት «የሻንጣ ሽባነት» በሚል ስም የቀረበው ይኸው ሕመም ነው። በፊንላንድ ምልምል ወታደሮች ላይም ተጠንቷል። አስቸጋሪነቱ ብዙውን ጊዜ ሕመም የሌለው ወይም ሕመሙ ጥቂት የሆነ መሆኑ ነው። ወታደሩ ሻንጣውን አውርዶ ክንዱን ወደ ጎን ላንሣ ሲል እምቢ ይለዋል፤ ወይም በክንዱ ላይ መደንዘዝ ይሰማዋል። አንዳንዱ ግድግዳ በሁለት እጁ ሲገፋ አንደኛው የትከሻ አጥንቱ እንደ ክንፍ ከጀርባው ተነሥቶ ይታያል። «አላመመኝምና ደኅና ነኝ» ብሎ በማግሥቱ ያንኑ ሸክም መልሶ ማንሣት ነርቩን ለባሰ ጉዳት መዳረግ ነው።

የምሥራቹ፣ ሸክሙ ቶሎ ሲቆም አብዛኞቹ በሳምንታትና በወራት ውስጥ መሻላቸው ነው። መከላከያውም አለ። የሻንጣውን ክብደት ከትከሻ ወደ ዳሌ የሚያሳርፍ የወገብ ቀበቶ ካለ ጠበቅ አድርጎ ማሰር፤ ማንገቻውን ሰፊና ልስልስ ማድረግ፤ ከባዱን ዕቃ ወደ ጀርባ አስጠግቶ ማሸግ፤ በየዕረፍቱ ሻንጣውን በእርግጥ ማውረድና ትከሻን ማንቀሳቀስ ይጠቅማል።

የባለቤቱ እጅ

ሸክምና ውጥረት በግዳጅ ላይ ብቻ የሚያጋጥም አይደለም። 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ዕቃው ሳይቆጠር 20 ኪሎ ይመዝናል። ይህን በአንድ እጅ አንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ትከሻው ወደ ታች ይሳባል፤ በአንገቱ በኩል ያሉት ነርቮችም አብረው ይወጠራሉ። ሕፃን በአንቀልባ አዝሎ መዋልም እንዲሁ ትከሻን ይጫናል።

ልብስ መጭመቅ፣ ሊጥ ማሸት፣ ቡና በሙቀጫ መውቀጥ ደግሞ የእጅ አንጓን ያደክማል። በአንጓው ፊት ለፊት ጣት የሚያጥፉት ጅማቶችና አንድ ነርቭ በአንድ ጠባብ ዋሻ አብረው ያልፋሉ፤ ዋሻው ሲጣበብ ነርቩ ይታነቃል። ይህ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል፤ በእርግዝና ጊዜ፣ በስኳር በሽታና በእንቅርት ዕጢ መድከምም ይብሳል። ምልክቱ ሌሊት አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሐል ጣት ደንዝዘው መንቃት፣ እጅን ሲያራግፉ መሻል ነው። ሲተኙ አንጓው እንዳይታጠፍ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ማሰር ብዙዎችን ያሳርፋል። በእርግዝና የመጣው ከወሊድ በኋላ በአብዛኛው ይሻላል። ከአውራ ጣት ግርጌ ያለው የመዳፍ ሥጋ መሟሸሽ ከጀመረ ግን መጠበቅ አይገባም፤ በቀላል ቀዶ ሕክምና ዋሻውን መክፈት ይቻላልና።

ባለትዳሮችን ፈገግ የሚያሰኝ ሌላ ጉዳትም አለ። ባል ክንዱን ለሚስቱ ትራስ አድርጎ ሲያድር ሦስተኛው ነርቭ ከአጥንቱ ጋር ተጫጭኖ ጧት አንጓው ተልፈስፍሶ፣ ጣቱም ቀና አልል ብሎት ሊነሣ ይችላል። በመኪና ላይ ክንዱን በብረት አስደግፎ እንቅልፍ የወሰደው ወታደርም ይኸው ይደርስበታል። አብዛኛው በሳምንታትና በወራት ይመለሳል፤ ቢሆንም መታየት አለበት።

በአገራችንና በአካባቢው ከዚህ ጋር ሳይነሣ የማይታለፍ ነገር ቢኖር ሥጋ ደዌ ነው። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ደንዝዘው፣ ከክርን በስተውስጥ ያለው ነርቭ እንደ ገመድ ወፍሮ ሲዳሰስ፣ በቆዳም ላይ ስሜት የሌለው ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ሲታይ ሳያፍሩ መመርመር ይገባል። ሥጋ ደዌ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በተቀናጁ መድኃኒቶች የሚድን በሽታ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት ለዚሁ በሽታ ሕክምናና ለባለሙያዎች ሥልጠና በአፍሪካ የታወቀ ማዕከል ነው። መድኃኒቱ ተሕዋስያኑን ይገድላል፤ አስቀድሞ የሞተውን ነርቭ ግን ሁልጊዜ አይመልስም። ስለዚህ ቀድሞ የደረሰ እጁን ያድናል።

ሕመም ሌላ፣ ከሥራ መጓደል ሌላ

ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት የነርቭ ሕመም ይዟቸው አንደኛው ሥራውን ሲቀጥል ሌላው ሸሚዙን መቆለፍ ሊሳነው ይችላል። ይህን ልዩነት ለመለካት የአሜሪካ የአጥንት ሐኪሞች አካዳሚና በካናዳ የሚገኝ የሥራና የጤና ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1996 ባለ 30 ጥያቄ መጠይቅ አስተዋወቁ። መጠይቁ የታማሚውን የዘወትር ሥራ ይጠይቃል፤ ጠበቅ ያለ ክዳን መክፈት፣ መጻፍ፣ ቁልፍ ማዞር፣ ምግብ ማዘጋጀት፣ ከራስ በላይ ካለ መደርደሪያ ዕቃ ማስቀመጥ፣ መተኛት ይቻልህ እንደሆነ ይላል። ውጤቱም ከ0 እስከ 100 ይሰጣል፤ 0 ምንም ችግር የለም ማለት ሲሆን 100 እጅግ የከፋው ነው።

በዚህና በመሰል መለኪያዎች የተደረጉ ጥናቶች አንድ ቁም ነገር አሳይተዋል። የሰውን ከሥራ መጓደል የሚወስነው የነርቩ ሁኔታ ብቻ አይደለም። የሕመሙ ብርታት፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የመንፈስ ጭንቀት፣ «ባንቀሳቅሰው ይበጠሳል» የሚል ፍርሃትም ትልቅ ድርሻ አላቸው። ይህ ማለት ሕመሙ የፈጠራ ነው ማለት አይደለም። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ፍርሃትና እንቅልፍ ማጣት ግን ከነርቩ ጉዳት በላይ ሌላ ጉዳት ይጨምሩበታል። ፈርቶ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ለሳምንታት ያኖረ ሰው ትከሻው ይደርቃል፤ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ከዚያ በኋላ ነርቩ ቢሻለውም ክንዱ አይታዘዘውም። በተቃራኒው ሰበበኛ እንዳይባል ፈርቶ ድካሙን የሚደብቅ ወታደር፣ ሰነፈች እንዳትባል በደነዘዘ እጇ እሳት የምትነካ እመቤትም ሌላ አደጋ ላይ ናቸው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ታማሚ የራሱን መለኪያ ቢይዝ እንመክራለን። በየቀኑ የምትሠሯቸውን 5 ሥራዎች ምረጡ። ለወታደሩ የጫማ ክር ማሰር፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ ሻንጣ ማንሣት፣ መጻፍና ጠመንጃ ወደ ትከሻ ማውጣት ሊሆኑ ይችላሉ። ለእመቤቲቱ ልብስ መጭመቅ፣ በምጣድ ላይ ሊጥ ማዞር፣ የልጅ ፀጉር መሥራት፣ መርፌ መያዝና ሕፃን ማንሣት ይሁኑ። ያለ ችግር ለሚሠራው 1፣ ጨርሶ ለማይሠራው 5 እየሰጣችሁ በሳምንት አንድ ቀን መዝግቡ። ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት ከቀነሰ ሕመሙ ባይጠፋም በመልካም መንገድ ላይ ናችሁ። ሕመሙ ቀንሶ ቁጥሩ ግን ካደገ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ምን ይደረግ?

ከአንገት ተነሥቶ ወደ ክንድ የሚወርድ ሕመም በአብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታትና በጥቂት ወራት ይሻላል። ታማሚው ይህን ማወቁ በራሱ ፍርሃትን ይቀንሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙን የሚያባብሰውን ሸክም መተው፣ ቀላል ሥራን ግን መቀጠል ይገባል። ለአንዳንዶች እጅን በራስ አናት ላይ ማሳረፍ ነርቩን ያላላና እፎይታ ይሰጣል። ሲተኙ አንገት እንዳይጣመም ትራስን ማስተካከል፣ በታመመው ትከሻ ላይ አለመተኛት፣ ክንዱን በትንሽ ትራስ መደገፍ ይረዳል። ጀሪካኑን በአንድ እጅ ከመሸከም በሁለት ትንንሽ ዕቃ ከፍሎ በሁለት እጅ መያዝ ይሻላል።

የባሰው ሲበርድ ነርቩን የማንሸራተት እንቅስቃሴ ይጀመራል። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። የታመመውን ክንድ ከትከሻ ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ጎን አውጡ፤ መዳፉ ወደ ላይ ይሁን። ክርኑን ቀስ ብላችሁ ስትዘረጉ አንገታችሁን ወደዚያው ክንድ አዘንብሉ፤ ክርኑን ስታጥፉ ደግሞ ወደ ሌላው ጎን አዘንብሉ። እንዲህ ሲደረግ ነርቩ በአንድ ጫፍ ሲሳብ በሌላው ይላላል፤ ሳይወጠርም በመተላለፊያው ይመላለሳል። 10 ጊዜ፣ በቀን 2 ጊዜ ይበቃል። ንዝረት ከተነሣ የእንቅስቃሴውን ስፋት ቀንሱ፤ ካቆማችሁ በኋላም የሚቆይ ከሆነ ለጊዜው ተዉት።

እ.ኤ.አ. በ2012 በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የታተመ፣ ከነርቭ የመጣ የአንገትና የክንድ ሕመም ባለባቸው 60 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በባለሙያ የሚሰጥ የነርቭ እንቅስቃሴ ሕክምናና የቤት ውስጥ ልምምድ ከምክር ብቻ የተሻለ ውጤት እንዳመጣ አሳይቷል። በእጅ አንጓ ለታነቀ ነርቭ ግን የዚህ ልምምድ ጥቅም ያን ያህል ግልጽ አይደለም፤ ለእርሱ የሌሊቱ ድጋፍ ይቅደም።

ወጌሻ በወለምታና በውልቃት ስም ያተረፈ ነው። ይሁን እንጂ የሚነዝርን ክንድ በኀይል መጎተት፣ አንገትንም ማንቋቋት የተቆጣን ነርቭ ያባብሳል። ስሜት በሌለው እጅ ላይ ትኩስ ነገር ማሳረፍም ሳይታወቅ ያቃጥላል። የሕመም ማስታገሻ ቢያስፈልግ በጤና ባለሙያ ትእዛዝ ይወሰድ።

ቀጠሮ የማይሰጣቸው ምልክቶች

የሚከተሉት ሲታዩ በዕለቱ ወደ ሕክምና መሄድ ግዴታ ነው፦ የክንድ ወይም የእጅ ጉልበት እየቀነሰ ሲሄድ፤ ሁለቱም እጆች ሲደነዝዙ፣ እግር ሲከብድ፣ አረማመድ ሲዛባ ወይም ሽንት መቆጣጠር ሲያስቸግር፤ ሕመሙ ከመውደቅ፣ ከመኪና አደጋ ወይም ከጥይት በኋላ ሲጀምር፤ ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት መክሳት ወይም ዕረፍት የማይሰጥ የሌሊት ሕመም ሲጨመርበት። የግራ ክንድ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ የልብ ሕመም ሊሆን ስለሚችል አንድ ሰዓትም አይታለፍ።

ለአለቆችም አንድ ቃል አለን። ክንዱን ማንሣት ያቃተውን ወታደር በፊቱ ገጽታ ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ የማያሳምመው ድካም ከሚያሳምመው የከፋ ሊሆን ይችላልና። ለጥቂት ሳምንታት ሸክሙን የሚያቀል ትእዛዝ ለዓመታት የሚያገለግል ክንድ ያተርፋል። ባሎችም እንዲሁ፣ ሚስቶቻችሁ ሌሊት እጃቸውን እያራገፉ ሲነቁ ካያችሁ ጧት ጀሪካኑን ተቀበሏቸው፤ ወደ ጤና ጣቢያም አድርሷቸው።

አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ለነርቭ ሕመም ይህ አባባል በቀንና በሚሊሜትር የሚቆጠር እውነት ነው። ዛሬ ማታ ሁለታችሁም ክንዶቻችሁን ወደ ጎን አንሡ፤ ቁልፍ ቆልፉ፤ ክዳን ክፈቱ። ከትናንት ያነሰ ጉልበት ያገኛችሁበት እጅ ካለ፣ ባያሳምምም፣ ነገ ጧት በሐኪም ፊት ይቅረብ።